የአያትን ሕይወት ከሚያውቋቸው ሰዎች ሰብስቦ መጻፍ

በትንሽ ከተማ የኖሩ አያት ታሪክ በአንድ ቤት ተከማችቶ አይገኝም። ልጆች የሚያውቁት እናትነታቸውን ነው፤ የልጅ ልጆች እርጅናቸውን። ጎረቤት ደግሞ ለልጆቻቸው ያልነገሩትን ያውቃል። ልጅነታቸውን ያየ ሰው ካለም እኩያቸው ወይም ታላቃቸው ስለሚሆን ለከርሞ ቀጠሮ የሚያዝለት አይደለም። ስለዚህ ሥራው በዚህ ተራ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ድምፅና ፎቶ፣ ከዚያ ወረቀት፣ ጽሑፉ በመጨረሻ።

ብዙ ቤተሰብ ግን ከጽሑፉ ይጀምራል። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ይልና እዚያው ይቆማል። ቃላቱ ውሸት አይደሉም፤ ችግራቸው የሌላ ሰው አያት ስም ቢገባባቸውም አንድ ፊደል መለወጥ የማያስፈልጋቸው መሆኑ ነው። አያታችሁ በሕይወት ካሉ እሰየው፤ የመጀመሪያዋ ተጠያቂ እሳቸው ይሁኑ፣ ከታች ያለውም ሁሉ ለእሳቸው ይሠራል።

ማንን መጠየቅ

ከ15 እስከ 20 ስም ጻፉ። ዝርዝሩን በዝምድና ቅርበት ሳይሆን በዕድሜና በጤና ቅደም ተከተል አስይዙት፤ የታመመና ያረጀ ይቅደም። በዝርዝሩ ውስጥ ሳይካተቱ የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው፦ ከጋብቻ በፊት የሚያውቃቸው ሰው፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት፣ አብሯቸው የሠራ፣ ከተማውን በወጣትነቱ ለቆ የሄደ፣ እና የተጣላቸው። የመጨረሻውን አትዝለሉት። የተጣላ ሰው ለማሞገስ ስለማይቸኩል የሚነግራችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል ነው። ለቆ የሄደው ደግሞ ከተማውን የሚያስታውሰው በወጣበት ዘመን እንደነበረ ነው፤ በኋላ የተሠራው አዲስ ሕንፃና የተለወጠው መንገድ በትዝታው ላይ አልተደረበበትም።

አንድ ጠቃሚ ስሌት አለ። አረጋውያን ያለፈ ሕይወታቸውን ሲጠየቁ በብዛት የሚያወጡት ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ ያለውን መሆኑን የማስታወስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እንግዲያው አያታችሁ በ45 ዓመታቸው ምን ይመስሉ እንደነበር ለማወቅ፣ ያን ጊዜ የ20 ዓመት ልጅ የነበረውን ሰው ፈልጉ። የእሳቸው እኩያ ያንን ዘመን በጅምላ ያልፈዋል፤ ወጣቱ ግን በዝርዝር ይዞታል። የእያንዳንዱን ምስክር የልደት ዓመት ከስሙ ጎን ብትጽፉ የትኛው አሥርት ዓመት ያለ ምስክር እንደቀረ ወዲያው ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሚሆነው ከጋብቻ በፊት ያለው ነው።

እንዴት መጠየቅ

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ የጠየቀ መልሱን ራሱ አበላሸው። ይህ ጥያቄ ቅጽል ይጠራል። እጅን፣ ሰዓትን፣ ቦታንና ዕቃን ጠይቁ፦ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚነኩት ነገር ምን ነበር? ቁልፋቸውን የት ያስቀምጡ ነበር? ደጅ ሲቀመጡ ፊታቸውን ወደየት ያዞሩ ነበር? ሲናደዱ ድምፃቸው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ገንዘብ ሲቆጥሩ እንዴት ነበር? እርስዎን በምን ስም ይጠሩዎት ነበር? ሌላው ሰው ሁሉ በማይጠራበት ስም የሚጠሩት ሰው ከነበረ ያ ስም ራሱ አንድ ታሪክ አለው።

ምስክሩ «አላስታውስም» ካለ ጥያቄውን አትድገሙት። ወረቀትና እርሳስ ስጡትና የቤቱን ንድፍ ይሳል፦ በሩ፣ መስኮቱ፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ማን የት ይተኛ እንደነበር። የስዕሉ ውበት ምንም አይደለም። በሩን ሲስል ማን እንደሚገባበት፣ ጥጉን ሲስል ምን ተደብቆበት እንደነበር ይመጣለታል። መራመድ የሚችል ከሆነ ደግሞ አያታችሁ በየቀኑ ይሄዱበት በነበረው መንገድ አብራችሁ ሂዱ፤ የት ይቆሙ እንደነበርና ከማን ጋር ያወሩ እንደነበር መንገዱ ራሱ ያስታውሰዋል።

ጭውውቱ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይብቃው። አረጋዊ ከዚያ በኋላ ይደክማል፣ ሲደክም ደግሞ ለማሳጠር ሲል ሁሉን «አዎ» ይላል። መልስ ሲያልቅ ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትዝለሉ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝምታ በኋላ ይመጣል። ስህተት ብትሰሙም አታርሙ፣ «እማማ፣ እሱ እኮ በሌላ ዓመት ነው» አትበሉ፤ አንዴ የታረመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚናገረው እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ ነው።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቁ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲያወራ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ድምፁ የጎላው ሰው ትዝታ የሁሉም ትዝታ ሆኖ ይወጣል፣ ዝምተኛዋ አክስትም ያየችውን ትታ የሰማችውን ማመን ትጀምራለች። የቡድን ጨዋታው ሁሉም በተናጠል ከተቀዳ በኋላ ይሁን። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር በተለያየ መንገድ ከነገሯችሁ ሁለቱንም ከነስማቸው ጻፉ፤ አስታራቂ አማካይ ፈጥራችሁ አትጻፉ።

ቅጂው እንዳይበላሽ

ለቅጂ ስልክ ይበቃል፤ የሚያበላሸው አቀማመጡ ነው። ከተናጋሪው አፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ በታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የጽዋው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉት፣ ጥሪ ቅጂውን ያቋርጣል። ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ካለበት ክፍል ራቁ፤ ጆሮ የለመደውን ጉምጉምታ ማይክሮፎን አይተወውም። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ባዶ ግድግዳ ካለበት ይሻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት 30 ሴኮንድ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውንና የጠያቂውን ስም በድምፅ ተናገሩ፤ ቅጂው ለምን እንደሚውል ነግራችሁ ፈቃዱን እዚያው ይናገር። ፋይሉ ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ቢሆን ይመረጣል፤ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በአንድ ቻናል ሲቀዳ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። በመልእክት መላኪያ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት፣ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል፤ እንደ ሰነድ አያይዙት።

የአንድ ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሁሉንም አትገልብጡ። በየ5 ደቂቃው ምን እንደተወራ በአንድ መስመር ጻፉ፤ ቃል በቃል የሚገለበጠው አያታችሁ የተናገሩት ተብሎ የተጠቀሰውና ትዕይንት ያለበት ክፍል ብቻ ይሁን። የአካባቢውን አነጋገር ወደ መጽሐፍ ቋንቋ አታስተካክሉ።

በነገራችን ላይ፣ የአያት የመጨረሻ ድምፅ ብዙ ጊዜ ያለው በአንድ የልጅ ልጅ ስልክ ውስጥ፣ «ደውልልኝ» በሚል የ12 ሴኮንድ መልእክት ነው። ስልኩ ሳይቀየር፣ ቁጥሩ ሳይዘጋ እሱን አስቀድማችሁ ወደ ኮምፒዩተር አውጡ። አሮጌ ካሴት ከተገኘ በላዩ እንዳይቀዳ ከላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ቁራጮች ስበሩ። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ አታጫውቱት፤ ማጫወቻውንም ካሴቱንም ያበላሻል፣ ለባለሙያ ስጡት።

ዘመኑን ማስያዝ

ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። ሰው ዓመት አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ቅደም ተከተልን ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «የመጀመሪያ ልጅዎ ይራመድ ነበር ወይስ ገና ይታቀፍ ነበር?» ማለት ይሻላል። በቅድሚያ የዘመን መሰላል አዘጋጁ፦ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ቀናቸው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ነገሮችን ከላይ ወደ ታች ጻፉ። የልጆች ልደት፣ ጦርነት፣ ጎርፍና ድርቅ፣ የገንዘብ ኖት መቀየር፣ መብራት ወይም መንገድ የገባበት፣ ትምህርት ቤት የተከፈተበት። ከዚያ እያንዳንዱን ትዝታ በሁለት እርከኖች መካከል አስገቡት። «ከመብራት በኋላ፣ ከሦስተኛው ልጅ በፊት» ማለት ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ያደርሳችኋል።

እርግጠኛነቱን ሳትደብቁ ጻፉ። በወረቀት የተረጋገጠውን ቁጥሩን ብቻ፣ በስሌት የተገኘውን «ገደማ» ብላችሁ፣ ወሰኑ ብቻ የታወቀውን «ከ… በፊት» ብላችሁ። ዛሬ በግምት የተጻፈ ባዶ ቁጥር ከ20 ዓመት በኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ወረቀትም ይዋሻል። መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ በግምት ተነግሮ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በግምት የተሞላ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በ0 ወይም በ5 ያልቃል፣ ስለዚህ «40»፣ «55» የሚል ስታዩ ተጠራጠሩ። የሒሳብ ፈተናም አድርጉ። እናት የመጀመሪያ ልጃቸውን በ10 ዓመታቸው የወለዱ ሆኖ ከወጣ ከሁለቱ ልደቶች አንዱ ስህተት ሳይሆን አይቀርም። በተከታታይ ልጆች መካከል ከሌሎቹ የሰፋ፣ ለምሳሌ የ4 ወይም የ5 ዓመት ክፍተት ካለ፣ በዚያ ውስጥ የሞተ ሕፃን፣ የባል ርቆ መቆየት ወይም ሕመም ሊኖር ይችላል። ይህን በጉባኤ አትጠይቁ፤ እህታቸውን ወይም ትልቋን ልጅ ለብቻዋ፣ በእርጋታ ጠይቁ።

የቀን አቆጣጠሩን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አስፍሩ። ከውጭ የመጣ ደብዳቤና ፎቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ወሩ ካልታወቀ አንዱን ዓመት መርጦ መጻፍ ሳይሆን ሁለቱንም በስላሽ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው።

ፎቶዎች

ከአልበሙ ከማውጣታችሁ በፊት ገጹን እንዳለ አንሱት፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተለጠፈ ራሱ መረጃ ነው። በተጣባቂ ገጽና በፕላስቲክ ሽፋን የሚዘጋው አልበም ሙጫው ሲቆይ ይደርቅና ፎቶውን ይይዘዋል፤ በጥፍር መላጥ ይቀደዋል። ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከፎቶው ጥግ በታች አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ እንደ መጋዝ አመላልሱት። ካልተላቀቀ እዚያው እንዳለ ስካን አድርጉት። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ አይነቀልም፣ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ በመስታወቱ በኩል አንሱት።

10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነውን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ስታደርጉ 2362 በ3543 ፒክስል ይወጣል፣ ለሕትመትም ለማጉላትም ይበቃል። የወጣትነታቸው ብቸኛ ምስል 3 በ4 የሆነች የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ከሆነች 1200 አድርጉት። ዋናውን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት በቲፍ፣ ለቤተሰብ የሚታደለውን አነስ በሚለው በጄፔግ አስቀምጡ። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፤ የፎቶ ቤት ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። በጠርዙ ላይ የታተመ ወርና ዓመት ካለ ፎቶው የታጠበበትን እንጂ የተነሳበትን እንደማይናገር አትርሱ። ስካነር ከሌለ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ ማንሳት ይቻላል።

በጀርባው በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ከኋላ ተጭኖ ፊት ለፊት ይታያል፣ ቀለሙም ይሰርጋል። ለስላሳ እርሳስ፣ በጠርዙ በኩል፣ ሳይጫኑ። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ እርሳስ አይይዝምና በፖስታው ላይ ጻፉ። ስም ሲጻፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከኋላ ረድፍ ወደ ፊት፣ ሙሉ ስም። «እማማ ከልጆቹ ጋር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የቷ እማማ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ የጻፈው ሰው ሲሞት ይጠፋል።

በእጃቸው ያውቁት የነበረው

ብዙ አያቶች በእፍኝና በቁንጣሪ የሚለኩት ሙያ ነበራቸው፤ ያ እንደ ወሬ ከተጻፈ ማንም ሊደግመው አይችልም። ከእሳቸው የተማረውን ሰው ሥራውን እንደልማዱ እንዲሠራ አድርጉ፤ እናንተ ሚዛን ይዛችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዱ እፍኝ ከመግባቱ በፊት ወደ ሳህን ይግባና ይመዘን። በሦስት የተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ አማካዩ ይያዝ፤ የአንድ ቀን እፍኝ ያታልላል። «እስኪበቃው» የሚለውን ቃል ሲናገር አስቁሙትና መብቃቱን በምን እንዳወቀ ጠይቁት፦ በቀለሙ፣ በጠረኑ፣ በድምፁ ወይስ በጣት ሲነካ? እጆቹን ከላይ በኩል በቪዲዮ ቅረጹ፤ ፊት አያስፈልግም። ለስፌትና ለሽመናም እንዲሁ ነው፣ እዚያ ላይ ግን ማስመሪያ ከሥራው ጎን ይቀመጥ።

የተሰበሰበውን ሁሉ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ አስቀምጡ፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ቤት ይሁን። ፍላሽ ለማጓጓዝ እንጂ ለዓመታት ለማስቀመጥ አይታመንም። ሃርድ ዲስኩን በዓመት አንዴ ከፍታችሁ አንዳንድ ፋይል አጫውቱ።

መጻፍ

ከተሰበሰበው ውስጥ እያንዳንዱን ቅጽል ያዙና «በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ደግ ነበሩ።» በምን ታወቀ? «ሰው ይረዱ ነበር።» ማንን፣ መቼ? «የጎረቤቷ ልጅ እናቷ የማታ ተራ ስትገባ እሳቸው ዘንድ ታጠና ነበር፤ ልጅቷ ደብተሯን ሳትዘጋ መብራቱን አጥፍተው አያውቁም።» የሚጻፈው ሦስተኛው ነው። ከዚህ በኋላ «ደግ» የሚለው ቃል ይሰረዛል፣ አንባቢው ራሱ ይለዋል።

ከልደት እስከ ሞት በተርታ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ዘመን ሲያጋጥም እንዲያውም ያሳፍራል። የተሻለው መንገድ በኖሩባቸው ቤቶች መከፋፈል ነው፦ የተወለዱበት፣ የተዳሩበት፣ ልጅ ያሳደጉበት፣ ያረጁበት። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይጻፍ፤ ሠርግና ሐዘን በየመካከሉ ቦታቸውን ያገኛሉ። ተራው ቀን ነው ብዙውን ዕድሜያቸውን የያዘው።

ጥፋታቸውም ይግባ። ቁጡ ከነበሩ፣ ቂም ከያዙ፣ አንዱን ልጅ ከሌላው ካስበለጡ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ እንከን የሌላት ሴት ከተጻፈች የሚያውቋቸው አንባቢዎች የቀረውንም አያምኑም። ድንበሩ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ነገሩ የእሱ ምስጢር ከሆነ እሱን ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ይውጣ። ቅጂው ግን አይጥፋ፤ መቼ እንደሚከፈት ቀን ተጽፎበት ታሽጎ ይቀመጥ። የመጨረሻውን ቃል የሚወስን አንድ ሰው አስቀድማችሁ ሰይሙ፣ ሁሉም ወንድምና እህት እኩል ከሰረዘ የሚቀረው መግቢያው ብቻ ነው።

በስንብት ወይም በመታሰቢያ ላይ የሚነበብ ከሆነ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይብቃው። ድምፅ አውጥታችሁ በሰዓት አንብቡ፤ በዕለቱ ሐዘን ድምፅን ያዘገያልና በቤት 5 ደቂቃ የፈጀው ከ6 በላይ ይሆናል። በ16 ወይም በ18 መጠን ፊደል፣ በሰፊ መስመር፣ በገጹ አንድ ጎን ብቻ ይታተም። የገጹ የታችኛው ሲሶ ባዶ ይሁን፣ አንባቢው አንገቱን ሲደፋ ድምፁ ይታፈናል። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፤ ሁለተኛ ሰው ሙሉ ቅጂ ይዞ አጠገብ ይቁም፣ አንባቢው ሳግ ቢይዘው ካቆመበት እንዲቀጥል።

ለማሳተም ከሆነ ኤ5 መጠን፣ ከ40 እስከ 60 ገጽ በቂ ነው። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ብዛት በ4 የሚካፈል ይሁን። ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸውና ፊደሉ ከ13 አይነስ። መጀመሪያ ሁለት ቅጂ ብቻ አሳትሙ፤ አንዱ በዕድሜ ለገፋው፣ ሌላው በቤተሰቡ ውስጥ ስህተት ለቃሚ ለሆነው ሰው ይሰጥ። ሁለት ሳምንት ስጧቸው፣ ቀይ እስክሪብቶም ጨምሩላቸው። የስም ፊደልና የልደት ቅደም ተከተል ስህተት በብዛት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ከመጨረሻው ገጽ በኋላ አራት ባዶ ገጾች ይተዉ፤ መጽሐፉ ከታደለ በኋላ «ይህንን እኮ አልጠየቃችሁኝም» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።